ያልተቀመሰው ብስኩት

(ከ11ኛ ክፍል ተማሪ የቀረበ)

በዚህ መጽሔት ላይ ስለ አገር ፍቅር፥ ስለ ትምህርት ጥቅምና ስለ ጊዜ አጠቃቀም የጻፉ ጓደኞች ብዙ ናቸው። እኔ ግን የምጽፈው ስለ ብስኩት ነው። ነገሩ ትንሽ መሆኑን ዐውቃለሁ፤ የክፍል ጓደኞቼም ርእሱን በሰሙ ጊዜ ሥቀውብኛል። ቢሆንም በ2017 ዓ.ም. የገና ዋዜማ በቤታችን የሆነውን እንዳለ ብተርከው፥ በተለይ ወላጆች አይንቁብኝም ብዬ ተስፋ በማድረግ ብዕሬን አነሣሁ።

ቤታችን ደብረ ብርሃን ነው። ደብረ ብርሃንን የማያውቅ ሰው እንኳ ብርድ ልብሷን ያውቃልና፥ ብርዷን ከዚያ ሊገምት ይችላል። ፈረንጆች ልደትን የሚያከብሩት በረዶ በሚወርድበት ወራት እንደ ሆነ በመጻሕፍት አንብበናል። የእኛ ገና የሚውለው በበጋ ነው፤ ሰማዩም ከዳር እስከ ዳር ጥርት ያለ ነው። ነገር ግን የደብረ ብርሃን በጋ የቀን ብቻ ነው። በታኅሣሥ ሌሊት ውርጩ በሣሩ ላይ ነጭ ሆኖ ያድርና፥ ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት ስንሄድ ከእግራችን ሥር ይንኮሻኮሻል። ስለዚህ በዚያ ወር የሰው ሁሉ አሳብ ወደ እሳት ዳር ነው።

ያደግሁት በአያቴ እጅ ነው። እናቴ ወደ ቤይሩት የሄደችው በመስከረም 2008 ዓ.ም. እኔ የ7 ዓመት ልጅ ሳለሁ ነበር። የሄደችበትን ምክንያት መዘርዘር አያስፈልግም፤ ከእኛ ክፍል እንኳ እናቱ ወይም አክስቱ ወይም እኅቱ ወደ ዐረብ አገር ያልሄደችበት ልጅ ጥቂት ነው። እዚያም በሰው ቤት አምስት ዓመት ሠራች። በ2012 ዓ.ም. የሊባኖስ ገንዘብ ዋጋው ሲወድቅ አሠሪዎቿ ደመወዟን መክፈል አቃታቸው። በዚያው ዓመት ሐምሌ 28 ቀን የቤይሩት ወደብ በፈነዳ ጊዜ የቤቱ መስታወት ሁሉ ረገፈ፤ እርሷ ግን በማድ ቤቱ ጓዳ ውስጥ ስለ ነበረች፥ እግዚአብሔር ይመስገን፥ አልተነካችም። በመስከረም 2013 ዓ.ም. የሰባት ወር ደመወዟን ሳትቀበል፥ አንድ ሻንጣ ይዛ ተመለሰች።

ስትመለስ እኔ 12 ዓመት ሆኖኝ ነበር። አያቴን «እማዬ» እያልሁ ስላደግሁ እናቴን ምን ብዬ እንደምጠራት ቸገረኝ። ሦስት ወር ያህል በምንም ስም ሳልጠራት ቆየሁ፤ ስፈልጋት ሄጄ ፊቷ እቆም ነበር። እርሷም ነገሩ ገብቷት ምንም አላለችኝም። ስለ ቤይሩትም አታወራም። ጎረቤቶች ለወሬ መጥተው «እስኪ ስለ ባሕሩ ንገሪን» ሲሏት፥ «ምን ባሕር፥ ውሃ ነው» ትልና ቡናውን ትቀዳላቸዋለች። ከዚያ በኋላ በአውቶቡስ መናኸሪያው አጠገብ ሻይና ዳቦ መሸጥ ጀመረች፤ ዛሬም የምንኖረው በዚሁ ነው።

ወሬው የተነሣው በ2017 ዓ.ም.፥ በጾመ ነቢያት፥ በኅዳር መጨረሻ ገደማ ነው። ማታ ማታ ሦስታችንም እሳት ዳር እንቀመጣለን። አያቴ ይፈትላሉ፥ እናቴ ምስር ትለቅማለች፥ እኔ የቤት ሥራዬን እሠራለሁ። በዚያ ምሽት የያዝሁት የእንግሊዝኛ ምንባብ ነበር፤ በልደት ሰሞን በውጭ አገር ያሉ ቤተ ሰቦች በየቤታቸው ብስኩት እየጋገሩ ለዘመድ ለወዳጅ እንደሚሰጡ ይናገራል። በኮከብና በዛፍ ቅርጽ የተቆረጡ ብስኩቶችም ተስለውበታል። ጮክ ብዬ ወደ አማርኛ እየመለስሁ ሳነብ እናቴ ምስሯን ትታ ሥዕሉን ተመለከተች።

«የእኛስ ኮከብ አልነበረም። ክብ ነው» አለች።

«የምን?»

«የምጋግረው ነዋ።»

በአራት ዓመት ውስጥ ስለ ቤይሩት ከአፏ የሰማሁት ረጅሙ ወሬ በዚህ ዓይነት ተጀመረ። የነበረችበት ቤት የማሮናውያን ክርስቲያኖች ቤት ነው። ለፋሲካ በተምር የሚሞላውን ማሙል፥ ለልደት ደግሞ ጉረይቤ የሚባለውን ብስኩት ይጋግራሉ። ጉረይቤ እንቁላል የለውም፥ ወተትም እርሾም የለውም፤ የነጠረ ቅቤ፥ የተፈጨ ስኳርና ዱቄት ብቻ ነው። የቤቱ እመቤት በመጀመሪያው ዓመት አሳየቻት፤ ከዚያ ወዲያ ሥራውን ሁሉ ለእርሷ ተወችው። ከበዓሉ በፊት ባሉት ቀኖች ትሪ በትሪ ላይ ትጋግራለች፤ ብስኩቱም በካርቶን እየታሸገ ለዘመድ አዝማድ ይላካል።

«ጣዕሙስ እንዴት ነው?» ብዬ ጠየቅኋት።

«እኔ ምን ዐውቄ!» አለች።

የቀለደች መስሎኝ ነበር። ነገሩ ግን እውነት ነው፤ አንባቢም ቀኑን ቢቈጥር ይደርስበታል። የእነርሱ ልደት በታኅሣሥ 16 ቀን፥ በዘመነ ዮሐንስ ደግሞ በ15 ይውላል። እኛ ከኅዳር 15 ጀምሮ እስከ ገና ዋዜማ ቅቤ አንቀምስም። የእነርሱ ልደት ከእኛው በ13 ቀን ስለሚቀድም፥ ምንጊዜም በጾማችን ውስጥ ይወድቃል። ፋሲካ እንኳ ይሻላል፤ በ2009 ዓ.ም. የእነርሱም የእኛም ፋሲካ ሚያዝያ 8 ቀን አብሮ ስለ ዋለ ማሙሉን ቀምሳዋለች። ልደት ግን አንድም ጊዜ አይገጥምም። እናቴ በሰው አገር ብዙ ነገር ትታለች፤ ጾሟን ግን አልተወችም።

በመጀመሪያው ዓመት ስድስት ብስኩት በወተት ቆርቆሮ አድርጋ ማቀዝቀዣው ራስ ላይ አስቀመጠች፤ ገና ሲደርስ ልትበላው ነው። ሁለት ቀን ሲቀረው የቤቱ ልጆች አገኙትና በሉት። «ልጆች ናቸው፥ ምን ይደረጋል» አለች። በሁለተኛው ዓመት ከሻንጣዋ ውስጥ ደበቀችው፤ ጉንዳን ገባበት። ከሦስተኛው ዓመት ጀምሮ ማስቀመጡንም ተወችው።

አያቴ እንዝርታቸውን አቁመው «ታዲያ ሳትቀምሺው ነው አምስት ዓመት የጋገርሽው?» አሏት።

«እርስዎስ የገናን ዶሮ ቀምሰው ነው እንዴ የሚሠሩት?»

«እኔማ በማግስቱ እበላዋለሁ» አሉ አያቴ።

ከዚህ በኋላ የተናገረ የለም። እናቴም ምስሯን መልቀም ቀጠለች። እኔ ግን በዚያ ሌሊት ተኝቼ ሳስብ ይህን ብስኩት እንድትቀምሰው ማድረግ አለብኝ አልሁ። ከልጅነቴ ጀምሮ ሰው «እናትህ ምን ላከችልህ?» ይለኝ ነበር፤ ጫማ ልካልኛለች፥ ቦርሳ ልካልኛለች፥ የትምህርት ቤት ክፍያዬንም የከፈለችው እርሷ ናት። እኔ ለእርሷ የላክሁላት ነገር አልነበረም።

ሥራው ግን እንዳሰብሁት ቀላል ሆኖ አልተገኘም። መጀመሪያ ልኩን ማወቅ ነበረብኝ። በሌላ ቀን እንደ ዋዛ አስመስዬ ጠየቅኋትና አንድ ኩባያ የነጠረ ቅቤ፥ አንድ ኩባያ የተፈጨ ስኳር፥ ሁለት ኩባያ ተኩል የፉርኖ ዱቄት መሆኑን ነገረችኝ። ቅቤውና ስኳሩ እስኪነጣ ድረስ ይመታል፤ ዱቄቱ ቀስ እየተባለ ይገባል፤ ሊጡ ጥቂት ያርፋል፤ እሳቱም ለስላሳ መሆን አለበት። ብስኩቱ ቀይ ከሆነ ተበላሽቷል፤ ነጭ እንደ ሆነ መውጣት አለበት።

ሁለተኛው ችግር ቅቤው ነበር። አያቴን «እማዬ፥ ከበዓሉ ቅቤ ጥቂት ይሰጡኛል?» ብዬ ብጠይቃቸው፥ «ዶሮው በምን ሊሠራ ነው? ቅቤዬን ለዐረብ ብስኩት!» ብለው ተቆጡ። ደግሞም የእርሳቸው ቅቤ በኮሰረትና በኮረሪማ የነጠረ ስለ ሆነ ለጉረይቤ አይሆንም። በበዓል ሰሞን ቅቤ እንዴት እንደሚወደድ የቤት እመቤቶች ያውቃሉ። እኔም ቅዳሜ ቅዳሜ በአንድ ፎቶ ኮፒ ቤት ከምሠራበት ያጠራቀምሁትን አውጥቼ ግማሽ ኪሎ ለጋ ቅቤ ገዛሁ። ያለ ቅመም አነጠርሁት። ስኳሩን በሙቀጫ ወቅጬ በወንፊት ነፋሁ። ሲነጠር ግማሹ የሚጠፋ መሰለኝና ልቤ ደነገጠ፤ ቅቤ ውሃና አጓት እንዳለው ማን ነገረኝ?

ታኅሣሥ 28 ቀን፥ ሰኞ፥ እናቴ ሳይነጋ ወደ መናኸሪያው ሄደች። የዋዜማ ቀን መንገደኛ ስለሚበዛ እስኪመሽ እንደማትመለስ ዐውቃለሁ። አያቴ ጠዋት ድፎ ዳቦውን ጋገሩ፤ ከገበያ በተገዛ የኮባ ቅጠል ተሸፍኖ፥ እሳት ከታች እሳት ከላይ ሆኖ፥ ጥቁር አዝሙዱ እስከ መንገድ ድረስ ሸተተ። ዳቦው ከወጣ በኋላ ምጣዱ እንደ ጋለ ነበርና፥ «አሁን የእኔ ተራ ነው» ብዬ ሊጤን ይዤ ገባሁ። አያቴ «ወንድ ልጅ ማድ ቤት ምን አለው?» አሉ፤ ግን ቦታውን ለቀቁልኝ። እርሳቸው ጥግ ይዘው ለዶሮው ሽንኩርት ይከትፉ ጀመር።

ከእኔ ጋር አንድ ባለሙያ ነበር። የጎረቤታችን ልጅ ነው፤ አምስት ዓመቱ። እኔና አያቴ ጾመኞች ስለ ሆንን የምንቀምሰው ነገር የለም፤ ሰባት ዓመት ያልሞላው ልጅ ግን ስለማይጾም ቀማሽ አድርጌ ሾምሁት። ሹመቱ እጅግ ደስ አለው፤ ከምጣዱ አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጦ አልነቃነቅም አለ።

ከዳቦው የተረፈውን የኮባ ቅጠል አንጥፌ አሥር ክብ ብስኩት ደረደርሁ። የኩበቱ እሳት ደካማ መስሎ ስለ ታየኝ ከምጣዱ ሥርም ከክዳኑም ላይ የጋለ ከሰል ጨመርሁ። ዐሥር ደቂቃ ሳይሞላ ስከፍተው አሥሩም ጠቁረዋል፤ ኮባውም ጭሷል። ባለሙያው አንዱን ተቀብሎ በላ። «እንዴት ነው?» አልሁት። «ጨምርልኝ» አለ። ሁለተኛውንም በልቶ «ጨምርልኝ» አለ። ምስክርነቱ ለምንም እንደማይጠቅመኝ የገባኝ በዚህ ጊዜ ነው።

አያቴ በሽንኩርቱ ምክንያት ዓይናቸው እያለቀሰ ሁሉን ነገር ያያሉ። የቅቤው ዋጋ ዐይኔ ላይ መጥቶ ዝም ብዬ እንደ ቆምሁ ሲመለከቱ ቢላዋቸውን አስቀምጠው ተነሡ። ከሰሉን አንድ ባንድ በመቆንጠጫ አወጡት።

«ከሰል ችኩል ነው። ኩበት ነው የሚታገሥህ» አሉኝ።

የኩበቱን ፍም በታች ዘርግተው ዐመድ አለበሱት፤ ከክዳኑ ላይም ትኩስ ዐመድ ከጥቂት ፍም ጋር አደረጉ። እጃቸውን በክዳኑ ላይ ዘርግተው ሙቀቱን ለኩት። በሳይንስ ክፍል ሙቀት መለኪያ መሣሪያ አይቻለሁ፤ አያቴ መዳፋቸውን በዘረጉ ጊዜ ግን ከዚያ ያነሰ ዕውቀት አልታየኝም። «በል አሁን አስገባ፤ እኔ ካላልሁህ እንዳትከፍት» አሉ።

ዐሥራ አራት ሆነው ገቡ። ፒስታሽዮ የተባለው ፍሬ በከተማችን ስላላገኘሁ በየአንዳንዱ ራስ ላይ ግማሽ ፍሬ ለውዝ ጫንሁበት። ሲወጡ ነጭ ናቸው፤ ዳር ዳራቸው ብቻ ጥቂት ወየብ ብሏል። ደስታዬ ከልክ አልፎ አንዱን ወዲያው ባነሣው በእጄ ውስጥ ፈረሰ። እናቴ «ሳይበርድ አይነካም» ማለቷን ረስቼው ነበር። ሁለተኛውንም አንሥቼ አፈረስሁት፤ ለምን እንዳነሣሁት እስከ ዛሬ አላውቅም። ፍርፋሪው ሁሉ የባለሙያው ድርሻ ሆነ። የቀሩት ዐሥራ ሁለቱ ግን ሲበርዱ ጠነከሩ፤ ቢገለበጡም በጀርባቸው የኮባው መስመር ተስሎባቸዋል።

ቅቤዬ ሲያልቅ ዱቄትና ስኳር ተርፎ ነበር። አያቴ ምንም ሳይናገሩ ከቅቤ ዕቃቸው አንድ ጭልፋ አውጥተው ሰሓኔ ላይ አደረጉልኝ። «እማዬ፥ ይህ እኮ ኮሰረት አለው» አልሁ። «ይኑረዋ!» አሉ። ከዚያም ስምንት ብስኩት ወጣ። ሽታቸው የዶሮ ወጥና የኬክ ቤት ድብልቅ ነበር።

እናቴ መሽቶ ደክሟት ስትገባ ቤቱ በወጥ ሽታ ስለ ተሞላ ምንም አልጠረጠረችም። ብስኩቱን ከአልጋዬ ሥር ደበቅሁ። ሌሊት ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄድን። ቅዳሴው ሲያልቅ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ገደማ ነበር፤ ውርጩ ወርዶ መንገዱ ነጭቷል፤ ሕዝቡም ነጭ ለብሶ በየመንገዱ ይበተናል። አያቴን በሁለት ወገን ደግፈን ስንሄድ እኔ የማስበው ስለ ብስኩቱ ነበር። በእንዲህ ያለ ሌሊት ሌላ ነገር ማሰብ ይገባኝ እንደ ነበር ዐውቃለሁ።

አያቴ ዳቦውን ባርከው ቈረሱ፤ ዶሮው ቀረበ፤ ፈሰክን። ከዚያ ሰሓኑን አመጣሁ።

እናቴ ብስኩቱን አየች፥ ቀጥሎ እኔን አየች፥ ቀጥሎ አያቴን። አያቴ ወደ ምድጃው ዞሩ።

«ማን አሳየህ?»

«አንቺ።»

አንዱን አነሣች። ወዲያው አልበላችውም፤ ገልብጣ ጀርባውን አየች፥ የኮባውንም መስመር በጣቷ ዳበሰች። ከዚያ ግማሹን ነከሰች፤ ዱቄቱ በነጠላዋ ላይ ተበተነ። ዝም ብላ አላመጠች። እኔ እንደምታለቅስ ገምቼ ስለ ነበር ወደ ሌላ ለማየት ተዘጋጅቻለሁ።

«ስኳሩ በዝቷል» አለች።

«ልኩ እኮ አንቺ የነገርሽኝ ነው!»

«ነው እንጂ። እኔው ነኝ የምሰፍረው» አለችና ቆም ብላ አሰበች። ቀጥላም ሣቅ መጣባት። «ጉድ ነው! አምስት ዓመት ሙሉ ስኳር ሳበዛባቸው ኖሬያለሁ። አንድ ሰው እንኳ አልነገረኝም!»

እንዲህ ስትሥቅ አይቻት አላውቅም ነበር። አያቴም ሣቁ፥ እኔም ሣቅሁ፤ ነገሩ ይህን ያህል የሚያሥቅ ይሁን አይሁን እንጃ። ሁለተኛውን አነሣች፥ ሦስተኛውንም በላች። አያቴ ግን ነጩን አንድ ቀምሰው ተዉትና ባለ ኮሰረቱን ሦስት በሉ። «ይህ ነው ብስኩት» አሉ። እናቴ ባለ ኮሰረቱን ቀምሳ ፊቷን አጨማደደች፤ በዚህ ነገር እስከ ዛሬ አልተስማሙም።

ሲነጋ እናቴ ከነጩ ስድስቱን ለይታ በባዶ የወተት ቆርቆሮ አድርጋ ቁም ሣጥኑ ራስ ላይ አስቀመጠች። ባለሙያዬ በማለዳ ደጃችን ላይ ቆሞ ነበርና ከቀረው ተሰጠው። ቆርቆሮው ያለበትን ግን አየ፤ ያየውንም ነገር እንደማይረሳ ዐውቃለሁና ሰጋሁ።

ከዚያ በኋላ እናቴ ከሥራ ስትመለስ ማታ ማታ ሻይ አፍልታ ከቆርቆሮው አንድ ታወጣለች፤ ረቡዕና ዓርብ ሲሆን ይቀራል። እኔም ሳትሰማ ቆርቆሮውን እየከፈትሁ እቈጥር ነበር፤ አምስት፥ አራት፥ ሦስት። የነካው ሌላ ሰው አልነበረም። ጥር 8 ቀን፥ ሐሙስ፥ የመጨረሻውን አወጣችና ከሁለት ከፍላ ግማሹን ለጎረቤቱ ልጅ ሰጠችው።

«እንዴት ነው?» አለችው።

«ጨምርልኝ» አላት።